«ዩ»፦ «አንተ»ን የጣለ ቋንቋ ታሪክና የተርጓሚው ዕዳ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ ደብዳቤ ነው። ከዓመታት በፊት በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ከአሜሪካ የመጣላቸውን ደብዳቤ ይዘው ቤቴ መጡ። ጸሐፊዋ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ ብትሰማም መጻፍ የማትችል የልጅ ልጃቸው ናት። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነበር። እኔም እየተረጎምሁ ጮክ ብዬ አነብላቸው ጀመር። «እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? በጣም ናፍቀውኛል» እያልሁ አንድ ገጽ ያህል ከሄድሁ በኋላ ቀና ስል የእማማ ፊት ተለውጧል።

«'እርስዎ' ነው የምትለኝ?» አሉኝ። «በስልክ 'አንቺ' ነበር የምትለኝ። ምን አስቀይሜያት ይሆን?»

እንግሊዝኛው «ዩ» ብቻ እንደሚል፣ «ዩ» አንተም አንቺም እርስዎም እናንተም ሊሆን እንደሚችል፣ አክብሮቱን የጨመርሁት እኔ እንደሆንሁ ላስረዳቸው ሞከርሁ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ፣ «ታዲያ እሷ ያላለችውን አንተ ጨመርህበት ማለት ነው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። «በል እስቲ እንደገና በ'አንቺ' አንብብልኝ» አሉና ደብዳቤው ከመጀመሪያው ጀምሮ ተነበበ።

የእማማ ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ሁሉ በየዓረፍተ ነገሩ የሚገጥመው ጥያቄ ነው። ደግሞም ተውላጠ ስሙን በመተው ማምለጥ አይቻልም። በአማርኛ መደቡን፣ ጾታውንና ቁጥሩን ግሡ ራሱ ተሸክሞታልና። አንዱ የእንግሊዝኛ የትእዛዝ ግሥ በእኛ ዘንድ «ና»፣ «ነይ»፣ «ኑ»፣ «ይምጡ» ሆኖ በአራት ይከፈላል። ተርጓሚው ከአራቱ አንዱን ሳይመርጥ አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም፤ ሲመርጥ ደግሞ ጸሐፊው ያላለውን ይላል። ለመሆኑ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ድኻ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ሁልጊዜስ እንዲህ ነበርን? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልነበረም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም እንዲያውም ሦስት ዓይነት ቁጥር ነበረው፦ ለአንድ፣ ለሁለት፣ ከሁለት ለሚበልጡ። የሁለቱ ቅርጽ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ጠፋ። የቀሩት ለነጠላው «ዛው»፣ ለብዙው «ዪ» የሚባሉት ናቸው። እነዚህ የባለቤት ቅርጾች ሲሆኑ ተሳቢዎቻቸው «ዚ» እና «ዩ» ናቸው። እንግዲህ ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚያውቀው «ዩ» በትውልዱ ብዙ ቁጥር ነው፤ ያውም ተሳቢ። «እናንተ» ሳይሆን «እናንተን» ነበር ማለት ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ተሳቢው የባለቤቱን ቦታ ነጠቀና «ዪ» እየተዳከመ ሄደ። አንድ እንግሊዛዊ ለጓደኛው ዛሬ «ዩ» ሲለው፣ ታሪኩን ለሚከተል ጆሮ፣ አንዱን ሰው «እናንተን መጣችሁ» እንደማለት ነው።

ብዙ ቁጥር ለአንድ ሰው እንዴት ሊነገር ቻለ? ይህን አማርኛ ተናጋሪ ለመረዳት የሚቸግረው አይደለም። በሮም የመጨረሻዎቹ ዘመናት ንጉሠ ነገሥቱን በላቲን በብዙ ቁጥር መጥራት ልማድ ሆነ። ልማዱ ወደ ፈረንሳይኛ ወረደ፤ በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ቋንቋ ስለሆነ፣ ከ13ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ እንግሊዝኛውም የበላይን በብዙ ቁጥር ማነጋገር ለመደ። በእኛም ዘንድ የሆነው ከዚህ አይርቅም። ግዕዝ «አንተ፣ አንቲ፣ አንትሙ፣ አንትን» ብሎ በጾታና በቁጥር ይለያል እንጂ ራሱን የቻለ የአክብሮት ቅርጽ የለውም። የአማርኛው «አንቱ» ከብዙው «አንትሙ» የወጣ መሆኑን የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ «እርስዎ» ደግሞ «ርእስ» ከሚለው፣ ራስ ማለት ከሆነው ቃል የተገኘ ነው። ግሡም ያው ነው፦ «እርስዎ መጡ» እና «እነሱ መጡ» በግሡ አይለያዩም። ሁለቱ ቋንቋዎች፣ ሳይተዋወቁ፣ አክብሮትን ከብዛት ሠሩት። ልዩነቱ እንግሊዝኛ ቆይቶ ነጠላውን መጣሉ ነው።

«አንተ ማለት» የሚለው አባባላችንም በእንግሊዝኛ አቻ ነበረው። «ዛው» ተውላጠ ስም ብቻ ሳይሆን ግሥም ነበር፤ አንድን ሰው «ዛው ማድረግ» ማለት «አንተ» ብሎ ማዋረድ ነበር። በኅዳር 1603 በዊንቸስተር ሰር ዋልተር ራሊ በአገር ክዳት ተከስሶ ሲቀርብ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሰር ኤድዋርድ ኩክ ተከሳሹን «ዛው» እያለ ከመሳደቡም በላይ፣ እንዲህ የሚለው አውቆና ሆን ብሎ መሆኑን በችሎት ፊት ገልጾ ተናገረ። አንድ መኳንንት በአንድ ተውላጠ ስም ማዕረጉን ተገፈፈ። የሼክስፒር «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በተባለው ተውኔት ደግሞ ሰር ቶቢ፣ ወዳጁ ለድብድብ የሚጋብዝ ደብዳቤ ሲጽፍ ባለጋራውን ሦስት ጊዜ ያህል «ዛው» ቢለው እንደማይከፋ ይመክረዋል። ሼክስፒር ይህን የጻፈው በራሊ ላይ የተደረገውን ሰምቶ ነው ያሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ተውኔቱ በየካቲት 1602 መታየቱ ስለሚታወቅ ግምቱ አያስኬድም። ሁለቱም የቀዱት ሕዝቡ ከሚያውቀው ልማድ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መናገር አለብኝ። ለብዙ ዓመታት «ዛው» የአክብሮት ቃል ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለተማሪዎቼም እንደዚያው ነግሬአለሁ። ምክንያቴ ዛሬም ብዙዎች የሚሰጡት ምክንያት ነው፦ ቃሉ የሚገኘው በጸሎት፣ በመጽሐፍ ቅዱስና በጥንት ግጥም ስለሆነ ግርማ ሞገስ ያለው ይመስላል። አንድ ተማሪ ከ«ንጉሥ ሊር» የመጀመሪያውን ትዕይንት ሲተረጉም የኬንትን ንግግር በ«አንተ» አደረገው። ለንጉሥ «አንተ» አይባልም ብዬ በቀይ አሰመርሁበትና ነጥብ ቀነስሁበት። ተማሪው እንግሊዝኛው «ዛው» ይላል ብሎ ሊከራከረኝ ሞከረ፤ እኔም «እንግዲያማ ይበልጥ 'እርስዎ' ነው» አልሁት። ስሕተቴን የተረዳሁት እሱ ተመርቆ ከሄደ በኋላ ነው።

ትዕይንቱን ሰከን ብሎ ላነበበው ነገሩ ግልጽ ነው። ሴቶች ልጆቹ ሊርን ሁሉም በ«ዩ» ነው የሚያነጋግሩት፤ አባትም ንጉሥም ነውና። እሱ ጎነሪልን ደስ ስትለው መሬቱን ሲሰጣት በ«ዚ» ያነጋግራታል፤ ይህ የአባት ፍቅር ነው። ኮርዴሊያን መጀመሪያ በ«ዩ» ይጠይቃታል። እሷ የሚጠብቀውን ሽንገላ ስትነፍገው ግን ቃሉ ይለወጥና ቁጣው ሁሉ በ«ዛው» ቤተሰብ ቃላት ይወርድባታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ አባት አፍ፣ ያው ቅርጽ ለአንዷ ፍቅር ለሌላዋ እርግማን ሆነ። ቀጥሎ ኬንት ይነሣል። ንግግሩን እንደ ወግ እንደ ማዕረጉ ይጀምራል፤ ንጉሡ አልሰማ ሲለው ግን ማዕረጉን ትቶ ሽማግሌነቱን እየጠራ በ«ዛው» ይገሥጸዋል። ይህ ተውኔት በታኅሣሥ 1606 በቤተ መንግሥት ሲታይ፣ በተቀመጠው ንጉሥ ፊት፣ ንጉሥን «አንተ» ያለ ባለሟል ምን ያህል እንዳስደነገጠ ማሰብ ነው። ከዚያ ወዲያ ኬንት መሰደዱ አያስገርምም። እኔ ተማሪዬን «እርስዎ» በል ስለው የትዕይንቱን እምብርት አውጣ ማለቴ ነበር።

በ«ሐምሌት» ደግሞ እናትና ልጅ ለብቻቸው ሲገናኙ እናቲቱ በመጀመሪያ ልጇን በ«ዛው» ትወቅሰዋለች፤ የእናት ወቀሳ ነው። እሱ ወቀሳውን በዚያው አነጋገር መልሶ ይወረውርባታል፤ ተውላጠ ስሙ ግን «ዩ» ነው። እሷም ወዲያው ወደ «ዩ» ትሸጋገራለች። በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ዛሬ ያለ እንግሊዛዊ ተመልካች ይህን በጆሮው አይሰማውም፤ መምህሩ ካልነገረው ያልፈዋል። የእኛ ተመልካች ግን ተርጓሚው በሚገባ ካስተላለፈለት እንደ ሼክስፒር ዘመን ሰው ይሰማዋል። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ ሲመልሱ በየመስመሩ ይህን መምረጥ ነበረባቸው። የመረጡትን ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል፤ የሚደፍር ተማሪ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ ግን አንድ ለአንድ የሚገጥም አይደለም። በእኛ ዘንድ «አንቺ» የተባለ ትንሽ ወንድ ልጅ እየተቆላመጠ ነው፤ ዐዋቂ ወንድ «አንቺ» ከተባለ ግን ተሰድቧል። ባልና ሚስት ሲኳረፉ «እርስዎ» መባባል ይጀምራሉ፤ ሲስማሙ ደግሞ «አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብስ» ተባብለው ይኖራሉ እንላለን። ታላቅ ሰው «አንቱ የተባለ» ነው። እንግሊዝኛው በሙሉ ጤንነቱ በነበረበት ዘመን እንኳ በጾታ አይለይም ነበር። ስለዚህ «ዛው»ን ባየን ቁጥር «አንተ» ማለትም ሌላ ስንፍና ነው።

ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ ልመለስ፤ ስሕተቴ የበቀለው ከዚያ ነውና። ዊልያም ቲንደል በ1526 አዲስ ኪዳንን ሲያሳትም የግሪክኛውን ነጠላና ብዙ በታማኝነት ለመጠበቅ ፈለገ፤ ለአንድ ሰው፣ ንጉሥም ይሁን አገልጋይ፣ «ዛው»፣ ለብዙ ሰዎች «ዪ» አለ። አክብሮት አልገባበትም፤ ግሪክኛውም ዕብራይስጡም አያውቀውምና። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ይህንኑ ተከተለ፤ ያን ጊዜ ደግሞ በለንደን የዕለት ንግግር «ዛው» እየሳሳ መሄድ ጀምሮ ነበር። ቃሉ ከገበያ ጠፍቶ በቤተ ክርስቲያን ብቻ ሲቀር፣ ከዘመናት በኋላ የተነሡ ሰዎች የክብር ልብስ አለበሱት። በእርግጥ ግን እግዚአብሔር «ዛው» የተባለው እኛ «አንተ» በምንለው መንገድ ነው። ቄሱን «እርስዎ» ብለን፣ ፈጣሪን «አንተ» እንላለን፤ አማርኛ ተናጋሪ ሆኜ ይህ ሳይታየኝ መቆየቱ ዛሬም ይገርመኛል።

ያ ልዩነት ከንቱ ጌጥ እንዳልነበረ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ቁጥር 31 እና 32 ማየት ይቻላል። ጌታ ለስምዖን ሲናገር ሰይጣን ሊያበጥር የለመነው ሁሉንም ደቀ መዛሙርት ነው፤ የጸለየው ግን ስለ ስምዖን ስለ አንዱ ነው። በአማርኛ «-ችሁ» እና «-ህ» ነገሩን ጨርሰውታል። በ1611ዱ እንግሊዝኛም ግልጽ ነው። በዘመናዊው እንግሊዝኛ ግን ሁለቱም «ዩ» ስለሚሆኑ አንባቢው ሰይጣን የፈለገው ጴጥሮስን ብቻ ይመስለዋል፤ ስለዚህም አንዳንዶቹ አዳዲስ ትርጉሞች «ሁላችሁንም» የሚል ቃል ለመጨመር ተገደዋል። በ1952 ተሟልቶ የወጣው የተሻሻለው ትርጉም ሰውን ሁሉ በ«ዩ» አድርጎ ለእግዚአብሔር ብቻ «ዛው»ን አስቀረ፤ በ1989 የወጣው ተከታዩ ያንንም ተወው።

«ዛው» ከመሞቱ በፊት ደም አፍስሷል ቢባል ግነት አይሆንም። በ17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጆርጅ ፎክስ የመሠረተው የኩዌከሮች ማኅበር፣ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው ብሎ ለማንም ባርኔጣ አላወልቅም፣ ለማንም «ዩ» አልልም አለ። ለዳኛውም፣ ለባለርስቱም፣ ለመኳንንቱም «ዛው»። ክርክራቸው የሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የሰዋስውም ነበር፦ አንዱን ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ውሸት ነው ይሉ ነበር። በ1660 ፎክስና ሁለት ባልደረቦቹ ለመምህራንና ለተማሪዎች ነጠላና ብዙን የሚያስተምር፣ ከብዙ ቋንቋዎች ምሳሌ የሰበሰበ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሰዋል። ስለ ተውላጠ ስም ሰዎች የተደበደቡበትና የታሰሩበት ሌላ ዘመን አላውቅም።

ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ የቶማስ ኤልዉድ ታሪክ ነው። ይህ ሰው ኋላ ዓይኑ ለጠፋው ለባለቅኔው ጆን ሚልተን መጻሕፍት እያነበበ ያገለገለ ነው። በ20 ዓመቱ ገደማ ኩዌከር ሲሆን፣ የአካባቢው ዳኛ የነበረውን አባቱን በባርኔጣው ፊት ለፊት ቆሞ «ዛው» አለው። አባቱ መታው፤ ባርኔጣዎቹን ወሰደበት፤ ያንን ቃል ሁለተኛ ከአፉ ቢሰማ ጥርሱን እንደሚያረግፈው ዛተበት። ይህን ኤልዉድ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1714 ታትሟል። አንድ የጎጃም ወይም የመንዝ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ አባቱን «አንተ» ቢለው የሚሆነውን እናውቃለን። እኩልነት የሚለው ሐሳብ በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ የሚያምር ነው፤ በማዕድ ላይ፣ በልጅ አፍ፣ በአንዲት ፊደል ሲመጣ ግን ጥርስ ያስወልቃል።

የኩዌከሮቹ ምኞት በሌላ በኩል ተፈጸመ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ «ዛው» ከመደበኛው ንግግር ወጥቷል። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ሰው በሚተላለፍበት ከተማ የማን ማዕረግ ምን እንደሆነ መለየት ስላስቸገረ ሁሉንም «ዩ» ማለት ከጠብ ያድን ነበር የሚሉ አሉ፤ ቃሉ የኩዌከር መታወቂያ መሆኑም ሳያስጠላው አልቀረም። እኔ ወደ ፊተኛው አዘነብላለሁ። ስለዚህ እንግሊዞች እኩል የሆኑት ሁሉም «አንተ» ተባብለው አይደለም፤ ሁሉም «አንቱ» ተባብለው ነው። ስዊድናውያን በ1960ዎቹ መጨረሻ ተቃራኒውን አድርገው ሁሉም «አንተ» ተባባሉ። የቃሉ ማርጀት ግን በገጠር ዘግይቷል፦ በዮርክሽርና በአካባቢው እስከ ቅርብ ጊዜ ይሰማ ነበር። ዲ. ኤች. ሎሬንስ በ1928 ባሳተመው «የእመቤት ቻተርሊ ወዳጅ» ውስጥ የዱር ጠባቂው ሜለርስ ከባላባቷ ጋር ሲሆን እንደ ፈቃዱ ወደ ሰፈሩ ንግግር፣ ወደ «ዛው» ዘር ይመለሳል፤ ፍቅርም ንቀትም አለበት።

ቋንቋ የጎደለውን ፍለጋ መነሣቱ ደግሞ አልቀረም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ብዙዎች ነጠላውን «ዩ» በነጠላ ግሥ ይጠቀሙበት ነበር፤ ጳጳሱ ሮበርት ላውዝ በ1762 ባወጣው ሰዋስው ከባድ ስሕተት ነው ብሎ አወገዘው፣ ተማሩ የተባሉትም ተዉት። በበኩሌ የሰዋስው ሊቃውንት ካበላሹት ነገር አንዱ ይህ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ብዙውን በየአገሩ ሠርቶለታል፦ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች «ያል»፣ በአየርላንድ «ዩዝ»፣ በፒትስበርግ «ዪንዝ»። መምህራን ያርማሉ፤ ሕዝቡ አይሰማም። ነጠላን ከብዙ የሚለየውን እንዲህ ሲመልሱ፣ አክብሮትን ከቅርበት የሚለየውን ግን ለመመለስ የሞከረ የለም። ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን በ1960 ባወጡት የታወቀ ጥናት እነዚህን ቅርጾች በሥልጣንና በወዳጅነት ሚዛን መዝነዋቸዋል። በዚያ ሚዛን እንግሊዛዊው «ዩ» ሲል ሁለቱንም አልተናገረም፤ ቃሉን ትቶ በስም አጠራር፣ በድምፅ ቃና፣ በሌላ መንገድ ይገልጸዋል። የእማማ የልጅ ልጅም «ውድ አያቴ» ብላ ጀምራ በቅጽል ስሟ ፈርማ ነበር። እኔ ያላየሁት እሱን ነው፤ መልሱ በደብዳቤው ላይ ነበረ።

ከሳምንት በኋላ እማማ መልሱን እንድጽፍላቸው ተመልሰው መጡ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። «ናፍቀሽኛል» አሉ፤ «ዩ» ብዬ ጻፍሁ። «ደህና ናችሁ ወይ፣ አባትሽ ሥራ አገኘ ወይ» አሉ፤ «ዩ» ብዬ ጻፍሁና እንዳይደባለቅ «ሁላችሁም» የሚል ጨመርሁበት። «እናትሽን 'እንደምን ነዎት ብላሻለች' በያት» ሲሉ ብዕሬ ቆመ። ምራታቸውን «እርስዎ» ይሏቸዋል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ቀና ብለው አዩኝና «እሱንስ ጻፍኸው?» አሉኝ።